ከጉድጓዱ የመጣ መልስ

ሞጣ ተመድቤ ሳስተምር፣ እዚያ ካለ ቤተ ክርስቲያን ሥር ከዓለት የተፈለፈለውን የጥንት ውሃ ማጠራቀሚያ ልጎበኝ ሄድኩ። ጠባቂው አባባ ታፈረ መግቢያው ላይ ቆሙና «ቤቶች!» ብለው ወደ ታች ተጣሩ።

«ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ውሃ ስትቀዳ እንዲህ ስጣራ፣ ከውስጥ ‹ደጆች!› ትለኝ ነበር። ካረፈች ወዲህ መልስ የለም። አፌ ግን ለምዶበት መጣራቱን አልተወም።»

ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይችል ብቻዬን ወረድኩ። ውሃው ጸጥ ብሏል። ከላይ እንደገና «ቤቶች!» አሉ። ዝም ልል ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

«ደጆች!» አልኩ፣ በዚህ ጎርናና የወንድ ድምፄ።

በሐዘናቸው የቀለድኩ መሰለኝና ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ደረጃው ዞርኩ። ቆይተው፣ ቀስ ብለው፣

«አንቺ፣ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» አሉ።