አልታየች የሳለችው ሊቀመንበር

በሽር ነኝ፣ የአልዩ አምባው። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ሱቅ ነበረኝ። ዛሬ ልጆቹ በስልክ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባባሉ ሳይ እስቃለሁ። ካርድማ ድሮ ቀረ! አልታየች በእጇ ሥላ የምታመጣልኝ ነበር ካርድ። ጋሪው፣ ብርዱን ፈርቶ የበግ ጠጉር ባና የተከናነበው ሽማግሌ፣ ከአንኮበር ወደ እኛ አገር ቁልቁል የሚወርደው አህያ፣ ሁሉም መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ። ለእንቁጣጣሽም ለኢድም ሰው ተጋፍቶ ይገዛኝ ነበር። ወላሂ፣ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል።

አልታየች የአንኮበሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የአለቃ ገብረ ጻድቅ ልጅ ናት። የቤተ መቅደስ ግድግዳ ለሴት አይሰጥም ተብሎ እንጂ እጇ ከአባቷ አያንስም። አለቃ ያወረሷት አንድ ሕግ ነበር፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሄን እኔ ሙስሊሙ እንኳ አውቃለሁ።

በሰባ ስድስት ክረምት፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ለእንግዳ የሚሰጥ ካርድ ቀበሌው አዘዛት። የከተማው ገበያ፣ የባና ሸማኔዎቹ፣ ደግሞም የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር ሲያደርግ። ያን ሰሞን ወንድሟ ዘርአ ዳዊት ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ከሌሎች የከተማው ልጆች ጋር ቀበሌ አዳራሽ ተቆልፎበታል። ያስያዘው ያው ሊቀመንበር ነው። እናት አባታቸው ሞተው ልጁን ያሳደገችው እሷ ናት።

ካርዶቹን ለእኔ ሳታሳይ ወስዳ አስረከበች። ጉድ ፈላ! ሊቀመንበሩን በጎን ሥላዋለች። ሰውየው ደግሞ ካኪ ሳይለብስ በፊት ዲያቆን ነበር፤ ነገሩ ወዲያው ገባው። እሷ ሱቄ እያለች መጥቶ ካርዱን ባንኮኒው ላይ ወረወረላት።

«ሁለተኛው ዓይኔ የት ሄደ?»

«ጓድ፣ አስቤው አይደለም። እጄ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ አንዳንዴ እጅ ከልብ ይቀድማል።

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፊት ለፊት አድርገሽ ሳዪኝ። እሑድ ልጁን እለቀዋለሁ። አለዚያ ሰኞ ከሌሎቹ ጋር ይጫናል።»

ከወጣ በኋላ «አልሥልም!» ብላ ድርቅ አለች። «የአባቴን ሕግ ለእሱ?»

እኔም ነደደኝ። «አብደሻል እንዴ? ሁለት ጠብታ ቀለም እኮ ነው! ልጁ ከሞተ ሕግሽን ምን ታደርጊዋለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ቅዳሜ ሥላ አመጣችው። አላህ ምስክሬ ነው፣ እንዲያ ያለ ርኅሩኅ ፊት አይቼ አላውቅም። ሊቀመንበሩም አይቶ አይቶ ካርዱን ደረት ኪሱ ከተተና ሄደ። እሑድ ዘርአ ዳዊት ተለቀቀ። እሷም መንገድ ላይ አንዴ በጥፊ ካለችው በኋላ አንገቱን ይዛ ተንሰቀሰቀች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ።

ሰኞ ሌሎቹ ተጫኑ።

ከዚያ ወዲያ ካርዶቿ ላይ ፊት ጠፋ። ጋሪ ነጂውም፣ ቅቤ ሻጯም፣ ሸማኔውም ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የምትሥላቸው። ገዢ ቀነሰብኝ። እኔ ደግሞ የአባቷ ነገር ከንክኗት መስሎኝ፣ «በቃ አልታዬ፣ አለቃም ቢኖሩ ይቅር ይሉሻል። እባክሽ ፊት ሳዪልን» አልኳት።

«የአባቴን ትቼዋለሁ፣ ጋሽ በሽር» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ፊት ለመሣል ሰውን ትክ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እነዚህን የገበያ እናቶች በምን አፌ ቀና በሉ ልበላቸው? ልጆቻቸው ሲጫኑ የእኔው ልጅ ቤቴ ተኝቶ ነበር።»