የመንፈስ ከተማ

የያዙኝ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ዓባይን ስዬ፣ በግራና በቀኙ የጥንት ግብፅን ከተሞች በነጥብ በነጥብ እያስቀመጥኩ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው «ቲቸር፣ አንዴ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ያቺ «አንዴ» ሦስት ወር ከምናምን ፈጀች።

ጥፋቴን አውቀዋለሁ። ከመያዜ አንድ ሳምንት በፊት በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ስለ ታሰረ አንድ ባልደረባችን «የት ነው ያለው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱን እንዲህ በተግባር ያሳዩኛል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ቤቴን ፈትሸው የትምህርት ማስታወሻ ደብተሬን ወሰዱ። ሌላ የሚወሰድ ነገር አላገኙም።

ያስገቡኝ ከቦንጋ ከተማ ዳር፣ ድሮ የቡና መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ገለባው ከተጠረገ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ከሲሚንቶው አልወጣም። አሥራ አራት ሰው ነበርን። አንዲት መስኮት ከጣሪያው ሥር አለች፤ ሰው ቆሞ አይደርስባትም። ከብረት በሩ ሥር አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስላለ ንጹህ አየር የሚገባው በዚያ ነው። በሩ ጋ የተቀመጠ ሰው የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ዝናብ የመታው አፈር ይሸተዋል። በሌላው ጫፍ ያለው የምንጸዳዳበት ባልዲ ነው። ማን በሩ ጋ፣ ማን ባልዲው ጋ እንደሚሆን የሚወስነው የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ከወሎ መጥቶ ቦንጋ ገበያ ውስጥ ለዓመታት ጨርቅ የሸጠ ነጋዴ ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የታሪክ መምህር።»

«እንግዲያው በሩ ጋ ሁን። ከምሳ በኋላ ታወራልናለህ።»

የክፍሉ ደንብ ይኼ ነበር። ስንቅ ገብቶ ከተበላ በኋላ፣ የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ አንድ ሰው ያወራል። እኔ ከገባሁ ወዲህ ስሙ «የቲቸር ፔሬድ» ሆነ። በእልህ ካቆምኩበት ከግብፅ ቀጠልኩ። እንደማስተምረው አድርጌ ሥርወ መንግሥቱን በተራ ቁጥር፣ ዓመቱን ከልደት በፊት እያልኩ ነገርኳቸው። ያዛጋሉ፣ ሸሚዛቸውን ይሰፋሉ፣ አንዳንዱ ይተኛል። ቢሆንም ፔሬዱ የእኔ ነበር፤ እስረኛ ሰው የእኔ የሚለው ነገር ሲያገኝ እንዴት እንደሚይዘው የታሰረ ያውቀዋል።

በስድስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አመጡ። ከደካ ነበር የመጡት፤ እዚያ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። ያረጀ ካፖርት ለብሰው፣ ላስቲክ ቦት ተጫምተው ነበር። እሑድ ቀን ለመጡ ወጣቶች የትምህርት ቤቱን በር ከፍተዋል፤ ወጣቶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበዋል። እነማን እንደነበሩ ሲጠየቁ «በሩን ከፈትኩ፤ ፊት አላየሁም» ብለዋል። ማየታቸውን ሁላችንም አወቅን፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

የዚያን ቀን ጣቴን ውሃ ነክሬ ሲሚንቶው ላይ ካርታ ስዬ ነበር። ካቦው አጎንብሶ አየና «ቲቸር፣ ላይኛው ግብፅ ለምን ከታች ሆነ?» አለኝ። ስለ ከፍታ፣ ስለ ሰሜንና ደቡብ፣ ስለ ካርታ አሣሣል ብዙ ነገር አልኩ። ማንም አልገባውም። በዚህ መሐል ሽማግሌው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«ቲቸር፣ ልናገር?»

«ይናገሩ ጋሼ።»

«ውሃው ከየት ይመጣል? ከኛ አገር። ላይኛው ማለት ወደኛ ያለው ነው። ጎጀብ ወንዛችንስ ላይና ታች አላት አይደል?»

አሥራ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «አሃ!» አለ። ስምንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ «አሃ» ሰምቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ይኼን ከየት አወቁት?» አለ ካቦው።

«በመስኮት» አሉ። የዘበኛ ቤታቸው ከዘጠነኛ ክፍል መስኮት ሥር ነው። «መምህር ይለዋወጣል፣ ትምህርቱ ያው ነው። እኔ ሃያ ሁለት ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ተማርኩ።»

በማግሥቱ ካቦው ትከሻዬን መታ አድርጎ «ዛሬ ጋሼ ያውሩልን፤ አንተ ትንሽ ረፍ» አለኝ። አረፍኩ። እሳቸው አወሩ። አማርኛቸው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ ቤታቸው የሚነጋገሩት በካፊኖኖ ነው። ዓመተ ዓለም የሚባል ነገር አይጠሩም። ከተማ ሁሉ የሚጀምርላቸው ከበሩ ነው። በሩ ወዴት ይከፈታል? ማን ይጠብቀዋል? የግብፅዋ ቴብስ መቶ በር ነበራት ሲባል ሰምተዋል፤ እኔ ይኼን በአንድ መስመር የማልፈውን እሳቸው መቶ ዘበኛ አቆሙበት። አንዱ ጉንፋን ይዞት ያስላል፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ መጥቷል። ከዚያ ወደ ራሳቸው አገር ይሻገራሉ። ድሮ የካፋ ወሰን በጥልቅ ቦይ የታጠረ እንደነበር፣ ንጉሡም ቦንጋና አንደራቻ ላይ ሁለት ከተማ እንደነበረው ይነግሩናል፤ ተመልሰው ደግሞ ግብፅ ይገባሉ። ማንም አላዛጋም። የተኛውም ተነሣ።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ዲግሪ ያለኝ እኔ፣ ካርታውን ያየሁት እኔ፣ እሳቸው የሰሙት በግድግዳ አልፎ የመጣውን ትርፍራፊ። በሦስተኛው ቀን ካቦው «ሽማግሌ ናቸው፣ አየር ይሻላቸዋል» ብሎ በሩን ለእሳቸው ሰጠ፤ እኔ ወደ ባልዲው ተገፋሁ። ጉዳዩ ግን ሽታው አልነበረም። ሰዎቹ ሲሰሟቸው አፋቸው ትንሽ ይከፈት ነበር፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

አንድ ስሕተት ነበረባቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰምቼው ይዤዋለሁ። የጥንቷን የግብፅ ከተማ ሜምፊስን «መንፈስ» ይሏታል። በመስኮት የገባው ቃል ጆሯቸው ሲደርስ እንዲያ ሆኖ ነበር። «የመንፈስ ከተማ፣ ግንቡ ነጭ ናት» ይላሉ፤ ሰዉም «የመንፈስ ከተማ» እያለ ይቀባበላቸዋል። ወዲያው ማረም እችል ነበር። አላደረግኩም፤ ወሬው የሚያምርበትን ቦታ ጠበቅኩ።

ያ ቀን ደረሰ። ስለ አንድ ሌላ የግብፅ ንጉሥ ያወሩ ነበር።

«ንጉሡ አዲስ ከተማ ሠራች። በረሃ ላይ። ሰው ሁሉ እዚህ ግባ አለች። ገባ። ንጉሡ ሞተች። ሰዉ ምን ያደርጋል? ግንብ አይሸከምም። በሩን ነቀለ፣ ተሸከመ፣ ሄደ።»

«ወላሂ! ወዴት ሄደ ጋሼ?» አለ ካቦው።

«ወደ ድሮዋ። ወደ መንፈስ ከተማ።»

«ጋሼ» አልኩ ከባልዲው በኩል። «መንፈስ የሚባል ከተማ በግብፅ የለም። ሜምፊስ ነው። ሜ-ም-ፊ-ስ።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው ቃሉን ሞከሩት፣ አልሆነላቸውም። «ሃያ ሁለት ዓመት መንፈስ ነው የሰማሁት» አሉ ፈገግ ብለው፤ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑና ወሬውን እዚያው ተዉት። በማግሥቱም አላወሩም። «መምህሩ እያለ» ብቻ አሉ።

ካቦው አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ደስ አለህ?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እውነት አይደለም መች አልኩህ?»

ደስ ብሎኝ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት በፊት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ንግግሩም የተማረ ሰው ንግግር ነው። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለ ስብሰባው አልጠየቀኝም።

«ቲቸር፣ ኢሹው ሴንሲቲቭ ነው፤ ስለዚህ ግልጽ እንሁን። የመንፈስ ከተማ ምንድን ነው?»

ደነገጥኩ። ከክፍላችን ወሬ ወጥቷል።

«ሽማግሌው በየቀኑ ሲያወሩ ሰንብተዋል። ነጭ ግንብ፣ መቶ ዘበኛ። ንጉሥ ሲሞት ሕዝቡ በር ነቅሎ ወደ መንፈስ ከተማ ይሄዳል። ሜሴጁ ለማን ነው? የነዚያ ልጆች መሰብሰቢያ ኮድ ነው። ሰውዬው በር ከፋች ብቻ አይመስለኝም፤ አደራጁ እሳቸው ከሆኑ ወደ ላይ እናስተላልፋቸዋለን።»

ወደ ላይ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም ነበር። ስብሰባ ላይ የጠየቅኩለት ባልደረባዬም ወደ ላይ የተላለፈ ነው።

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «የሰማኸውን ብቻ ጻፍ። ውሸት አልጠየቅኩህም። ምስክር ከሆንክ ዓርብ ቤትህ ነህ።»

ስልኩ ጮኸና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። «ሜምፊስ» የምትል አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ሳልናገር ቀረሁ። ስለ ዓርብ አሰብኩ፣ ስለ አልጋዬ አሰብኩ። አብልጬ ያሰብኩት ግን፣ ለመጻፍ የሚያሳፍረኝ፣ እሳቸው የሌሉበትን ክፍል ነው። ልፈታ ነው፣ ክፍሉ ምን ያደርግልኛል? ቅናት ግን እንዲህ አያሰላም። እሳቸው ዝም እንዳሉ እንዲቀሩ ፈለግኩ።

ጻፍኩ። «በክፍሉ ውስጥ ተከሳሹ ስለ መንፈስ ከተማ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።» በእጅ ጽሑፌ ቁጭ ብሎ አየሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሁለት መቶ ደብተር ያረመ እጅ ነው ያለኝ፤ የተሳሳተ ቃል አይቶ አያልፍም። ሳላዘው «መንፈስ» ላይ መስመር አሰመረ፤ ከላዩ «ሜምፊስ» ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ነው ምን እየሠራሁ እንደሆነ የገባኝ።

መርማሪው ተመልሶ ወረቀቱን አየ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«እርማት» አልኩ። ደብተሬን ገልጬ ካርታውን አሳየሁት። ሜምፊስ ከነነጥቧ፣ ቴብስ፣ በረሃው ላይ የተሠራችው ከተማ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፌ። «የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ነው። ሽማግሌው ቃሉን አጥርተው አልሰሙም።»

ረጅም ጊዜ አየው። «ከማን ነው የሰሙት? ደካ ላይ ያስተማራቸው ማን ነው?»

በመስኮት ሰሙ ብል ነገ የደካን መምህራን አንድ በአንድ ይጠሯቸዋል። «ከእኔ» አልኩ። «እዚሁ ክፍል ውስጥ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ስናገር እጣደፋለሁ፣ ለዚህ ነው የተሳሳቱት።»

«ንጉሥ ሲሞት የሚለውም ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አልፎታል።»

«ጻፈውና ፈርም። ዓርብ የሚባለውን ደግሞ እርሳው።»

ፈረምኩ። እውነቱን ልናገር ብዬ ከጀመርኩ አይቀር፣ ስፈርም ደስ የሚል ነገርም ተሰማኝ። የመቶው ዘበኛ፣ የተነቀለው በር፣ ያ ሁሉ ወሬ በወረቀት ላይ የእኔ ሆነ። ሰውየውን እያዳንኩ ወሬውን ወሰድኩበት።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌውን ጠሯቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ ልብሳቸውን ይዘው እንዲወጡ ተነግሯቸዋል። ሰዉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። እሳቸው ካፖርታቸውን አንስተው ቀጥታ ወደ እኔ፣ ወደ ባልዲው መጡና ተቀመጡ።

«ቲቸር፣ የመምህሩ ተማሪ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አሉ?»

«አዎ አልኩ።»

ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ተጽፏል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ተማሪ መሆኔ። ወረቀት ላይ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«ጥሩ» አሉ። ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስማር አንድም ሰው ተማሪ ብሎኝ አያውቅም። መስኮቱን የሚዘጋብኝም ነበር።»

ፖሊሱ ከውጭ «ፍጠን!» ብሎ ጮኸባቸው። አልፈጠኑም። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እጃቸውን አወጡ።

«ቲቸር፣ መውጣት ይቻላል?»

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ይቻላል ጋሼ» አልኩ።

እኔ ከዚያ በኋላ ከሁለት ወር በላይ ቆይቼ ያለ ክስ ተፈታሁ። ዛሬም ቦንጋ አስተምራለሁ። እንዴት እንዳዳንኳቸው የሰሙ ሰዎች ያመሰግኑኛል፤ ካቦው ገበያ ላይ ባየኝ ቁጥር ሻይ ይጋብዘኛል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ምን እንደጻፍኩ እሱም አያውቅም። ቅናቱም አለቀቀኝም፤ አሁን የምቀናው በወሬያቸው ሳይሆን ያን ቀን በነበራቸው ደስታ ነው።

ደካ ሩቅ አይደለም፤ በጠዋት ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው በቀን ይደርሳል። እሳቸው በሩ ላይ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አልሄድኩም። ብሄድ ለመምህራኑ፣ ለተማሪዎቹ ሁሉ «መምህሬ ነው» ብለው እንደሚያስተዋውቁኝ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያ ቆሜ አዎ ማለት ይኖርብኛል።