ዳቦ ይዘው የመረጡት ቶስተር

ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ መምህርት ሥራነሽ ሻጭ የሚለውን አያምኑም፤ ራሳቸው ሞክረው ካላዩ ዕቃ አይገዙም። በየወሩ በአሥራ ሁለት ለሚካኤል ድፎ ዳቦ ይደፋሉ፤ በማግስቱ የተረፈውን ጠብሰው በሻይ መብላት ይወዳሉ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከችላቸው ቶስተር ግን ከሱቅ ዳቦ በቀር አያስገባም። ድፎው ሳስቶ ሲቆረጥ ደግሞ ይፈረፈራል።

«ለዕቃ ብዬ ዳቦዬን አላሳሳም» አሉና ቶስተሩን ለእኔ ሰጡኝ።

ባለፈው ኅዳር፣ በሚካኤል ማግስት፣ ድፎውን ወፈር አድርገው ቆረጡና በፌስታል ጠቅልለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው ስማቸው ዘንድ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ስማቸው ሦስት ቶስተር ደርድሮ ስለ ዋትና ስለ ዋስትና ማስረዳት ሲጀምር እሳቸው ቁራሹን አወጡ።

«የሚካኤል ነው፤ መሬት እንዳትጥለው» አሉት።

ቁራሹ አንደኛው ውስጥ አልገባም። ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ፤ በስንት ትግል ተላቀቀ። ሦስተኛው ውስጥ ግን ሰተት ብሎ ወረደ።

«በል ሰካው።»

ስማቸው ሰካው። ሱቁን የጥቁር አዝሙድ ሽታ አወደው፤ ዳቦውም ሁለቱም ጎኑ እኩል ቀልቶ ብቅ አለ። መምህርት ረክተው ቦርሳቸውን ከፍተው ቀና ሲሉ ስማቸው ቁራሹን አጋምሶታል።

«የሚካኤል ነው ብለውኝ እንዴት ልተወው?» አለ እያኘከ።

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ይደውላል።

«መምህርት፣ እንደምን አደሩ? ዕቃው ደህና ይሠራል?»

«ይሠራል» ይሉታል፤ ስልኩን ዘግተው ለእሱ የሚላከውን ወፈር አድርገው ይቆርጣሉ።