የተከተባችሁ በቦታችሁ ቁሙ

ያን ድሬሰር ዛሬም አልወደውም። ይሙት ይኑር አላውቅም፤ የትም ይሁን አልወደውም። ሰው ሲያረጅ ቂሙ ይለዝባል ይላሉ። የእኔው እንደ ድርቆሽ ባደረ ቁጥር እየደረቀ ነው የሄደው።

የአርብ ገበያ ትምህርት ቤት ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተሠራ የጭቃ ቤት ነበር። እኔ ሴቷ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አብዛኞቻችን ዘግይተን ስለገባን፣ አራተኛ ክፍል ቁጭ ብሎ ፊደል የሚቆጥረው ጢሙ ያቀመቀመ ጎረምሳና የታጨች ልጃገረድ ነበር። ወንድሜ ከሁላችን ይለይ ነበር። የጨው መጠቅለያ ወረቀት እንኳ ቢሆን ሳያነብ አይጥልም። ቀጥሎ ደብረ ታቦር ሄዶ ለመማር ቆርጧል፤ እናቴም ፈቅዳለታለች። አንድ ክፉ አመል ነበረችው፤ ያልገባውን ይጠይቃል። መምህራኑ ደግሞ ከዝንጀሮ ይልቅ ጥያቄ ይጠላሉ።

ጥምቀት እንዳለፈ ፈንጣጣ ስማዳ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ከወገዳ በኩል ይመጡ የነበሩ ነጋዴዎች ዓርብ ዓርብ መታየት አቆሙ። እናቴ ከእኛ በፊት የወለደችውን ልጅ የቀበረችው በዚሁ በሽታ ስለሆነ ስሙ ሲነሳ ታማትባለች። ስለ እኛ ግን አልሰጋችም፤ ሁለታችንም ተከትበናል። በእኛ አገር ተከተበ ማለት ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ደብተራ ጸሎቱን በብራና ይጽፋል፣ ብራናው ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋል፣ ከዚያ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የእኛን የከተበልን ቤተ ልሔም ድጓ ቤት የተማረው ደብተራው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው።

ድሬሰሩ፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ሊከትበን በበቅሎ ከደብረ ታቦር መጣ። የከተማ ልጅ ነው፤ እኛን ሲያይ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። ዲሬክተሩ ከባንዲራው ሥር አሰለፈን፤ ድሬሰሩም ከበቅሎው ሳይወርድ ተናገረ።

«ያልተከተባችሁ ወደ ቀኝ ውጡ። የተከተባችሁ በቦታችሁ ቁሙ።»

ወደ ቀኝ የወጡት የፖሊስ አዛዡ ልጆች፣ የዲሬክተሩ ልጅና ሌሎች ጥቂት ክታብ ያላሰሩ ልጆች ናቸው። የቀረነው በኩራት በቦታችን ቆምን። አንዳንዱማ እንዲታይለት ክታቡን ከሸሚዙ በላይ አወጣው። የሐኪሞቹ ክትባት ክንድ ላይ ጠባሳ ይተዋል። አንድ እጅጌ ሰብስቦ ማየት ነበር እንግዲህ የድሬሰሩ ሥራ። አላየም።

ወንድሜ እጁን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ክትባት ሁለት ዓይነት ነው እንዴ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ዲሬክተሩ መጥቶ ባቱን በአለንጋ ሾጥ አደረገው። ድሬሰሩ ዞር ብሎም አላየውም፤ «አንዴ የተከተበ ተከትቧል፤ ምን ያዘባርቃል ይኼ» አለና ወርዶ ከነዚያ ጥቂቶች ጋር ክፍል ውስጥ ገባ። ክንዳቸውን በመርፌ ጫር ጫር እያደረገ መድኃኒቱን ቀባቸው። ዲሬክተሩ ቤት ምሳውን በልቶ ፀሐይ ሳትበርድ መንገዱን ያዘ።

ማታ ለእናቴ ስንነግራት ደስ አላት። «መንግሥትም የወንድሜን እጅ አወቀ ማለት ነው» አለች። አጎቴንማ ማን ይቻለው! ክታብ ያሰረ መርፌ አይነካውም የሚለው ወሬ ሲዛመት ከየጎጡ ሰው ይጎርፍለት ጀመር። ግቢው የተወጠረ የፍየል ቆዳ ብቻ ሆነ። የዝንብ ጭራውን እየነሰነሰ ሲያልፍ ለሰላምታ ጎንበስ የሚሉለት በዙ። ወንድሜ ግን ያንን ጥያቄ አልተወውም፤ ከብት ስናስገባም፣ እራት ላይም ይዞኝ ይውላል። ሁለት ዓይነት ካልሆነ ድሬሰሩ እነዚያን ልጆች ሲከትብ ለምን ክታብ አላሰረላቸውም? እኔ ዝም በል እለዋለሁ።

ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ በሽታው ወደ እኛ ተሻገረ። ወንድሜን መጀመሪያ ትኩሳት ያዘው፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ወጣበት። እናቴ ከማሳው ዳር ዳስ ሠርታ ለየችው። እሷ በልጅነቷ ታማ የዳነች ስለሆነች ውስጥ ገብታ ታስታምመዋለች፤ እኔ ውኃ አድርሼ ከሩቅ እመለሳለሁ። ሲያቃስት ይሰማኛል።

አጎቴ አንድ ቀን መጥቶ አጥር ውጭ ቆመ። አልገባም። ክታቡን ማን ነካው ሲል ጠየቀ። ማሰሪያው ተበጥሶ የቀጠልኩለት እኔ መሆኔን እናቴ በየዋህነት ነገረችው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት እጅ ከነካው ክታብ ረከሰ፣ ኃይሉም ሄደ አለ። ከዚያ ጭራውን ነስንሶ ወደ ቤቱ። ከዚያች ቀን ወዲያ ለዚያ ሰው ጎንበስ አላልኩለትም። ሲሞትም ለቅሶ የሄድኩት ለእናቴ ስል ነው፤ እንባዬን ግን አላባከንኩበትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ድሬሰሩ ፖሊስና ጭቃ ሹም አስከትሎ ተመለሰ። ዳሱ በር ላይ ቆሞ እናቴ ላይ ስድብ አወረደባት። ደንቆሮ አላት። ልጆቿን ከክትባት ደብቃ ላገሩ በሽታ እንደምትዘራ፣ በሕግ እንደምትጠየቅ ነገራት። እናቴ ጨርሶ እስኪናገር በትዕግሥት ጠበቀችው። ከዚያ ገብታ ከወንድሜ አንገት ክታቡን በቢላ ቆርጣ አመጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኸው ክትባቱ። አንዴ የተከተበ ተከትቧል ያሉ አንቱ አይደሉም?»

ድሬሰሩ የክታቡን ቆዳ አገላበጠው። «ይኼማ ክታብ ነው» አለ።

«እኛስ ሌላ ምን አልን?»

ጭቃ ሹሙ መሬት መሬት አየ። ድሬሰሩ አጥፍቻለሁ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ልጅ ነኝ እንግዲህ። ክታቡን እንደ እንቅፋት ድንጋይ ወደ ጎን ወረወረውና «እጅሽን» አለኝ። ክንዴን ጨምድዶ ጫረኝ። ያንን ሁሉ ንዴቱን በእኔ ክንድ ላይ የተወጣ ይመስለኛል። እናቴ ክታቡን ከአፈር አንስታ ሳመችው።

ትምህርት ቤት ስመለስ ዲሬክተሩ ሰልፍ ላይ ስለ ወላጆች ድንቁርና ሰፊ ንግግር አደረገ። የገዛ ልጁ ከፊቴ ቆማለች፤ ክንዷ ላይ ጠባሳዋ አለ። ንግግሩን ሳይጨርስ ከሰልፉ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። ሁለተኛ አልተመለስኩም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እዚህ ግን አለባብሰው ያረሱት እነሱ፣ አረሙ የበቀለው በእኛ ማሳ ነው።

ወንድሜ ነፍሱ ተረፈች። ዓይኖቹ አልተረፉም።

ደብረ ታቦር ቀረ። በቃል የሚማርበት ቦታ ቤተ ልሔም ነውና እናቴ ራሷ መርታ ወሰደችው። የጨው መጠቅለያ ሳያነብ የማይጥለው ልጅ የሌላ ሰው አፍ እየጠበቀ መማር ጀመረ። ጎበዝ ተማሪ ሆነ ይሉናል፤ እንደሚያጽናናን ነው የሚነግሩን። እኔን አላጽናናኝም።

በመስከረም ስንቅ ይዤለት ሄድኩ። ከጎጆው ደጅ ተቀምጠን በሶውን በጠበጥኩለት። ሽክናውን ሳቀብለው እጁ ክንዴን አገኘና ቆመ። ጣቱን ጠባሳው ላይ አዙሮ አዙሮ ዳበሰው።

«ይኼ ነው?» አለኝ።

«እሱ ነው።»

«እኔ የጠየቅሁት እኮ ይኼን ነበር» አለ።