የዶሮ እጣቢ

ከይረዲንን አልወደውም። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ አዳላሽ እንዳትሉኝ ነው።

አበሩ ሃያብለ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ናት። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግራ መጥታ ብዙ ዘመን በፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ ኖረች። ጉልበቷ ሲደክም በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ተከራይታ ዶሮ ማርባት ጀመረች። የሚያኖራት እንቁላሉ ብቻ ነው። የዶሮ ቤቱን በየጠዋቱ በውሃ ታጥባለች፤ ግቢዋ ዘቅዛቃ ስለሆነ ኩሱን የያዘው እጣቢ በአጥሩ ስር ሾልኮ ከይረዲን ግቢ ይገባል።

ከይረዲን እንደኛው ያገር ልጅ ነው፤ ጎማ ይጠግናል። ከሰዓት በኋላ ግን ጓደኞቹን ሰብስቦ ግቢው ባለችው የኒም ዛፍ ጥላ ስር ጫት ይቅማል። ሽታው ምርቃናዬን አበላሸ እያለ በአጥሩ ላይ ያልሰደባት ስድብ የለም። አንድ ቀን ድንጋይ ወርውሮ አንዷን ዶሮ ገደለባት። አበሩም በድኑን አንስታ በርጫው መሃል ወረወረችለት። እንዲህ ነበር የሚዋደዱት።

በመጨረሻ ለሰፈሩ ሽማግሌ ከሰሳት። ሽማግሌውም ከረመዳን በኋላ እጣቢው ከተሻገረ ዶሮዎቹ ከሰፈር ይውጡ ብለው ፈረዱ። አበሩ ያን ቀን እኔ ቤት መጥታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዶሮዎቹ ከወጡ ምን በልታ ልታድር ነው?

በነጋታው እንባዋን ጠርጋ በርሜል ፍለጋ ወጣች። ፈረንሳዊቷ እመቤቷ ቤት ስታጥበው የኖረችው የውሃ ማጣሪያ ውስጡ አሸዋና ከሰል እንደነበረ ትዝ ብሏታል። ኩሱን በደረቁ እየጠረገች በጆንያ ማውጣት ጀመረች። የቀረው እጣቢ ላባውን አሮጌ አጎበር ላይ ያስቀርና በአንዱ በርሜል በጠጠር፣ በሌላው በአሸዋና በከሰል ያልፋል። መጀመሪያ አሸዋውን ሳታጥብ ከታው ጭቃው ደፈነባት፤ ከይረዲን አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀባት። አውጥታ አጥባ መለሰችው። የወጣው ውሃ ባይጠጣም ግማቱ ለቆታል። እየቀዳች በሯ ላይ የተከለቻትን ፓፓያ አጠጣችበት፤ ወደ ከይረዲን ጠብታም አልተሻገረ።

አሁንስ አረፈ አልን። በጋው ገብቶ ያ እሳት የሆነ ንፋስ ሲነሳ ግን እጣቢው የቀረባት የኒሟ ቅጠል ረገፈ። በርጫው ፀሐይ ላይ ወጣ፤ ጓደኞቹም ጥላ ያለበት ቤት ሄዱ። ዓይነ ደረቁ ሰውዬ ሽማግሌውን ይዞ ተመልሶ መጣና ውሃዬን ቆረጠችብኝ አለ። ሽማግሌው የቱን ውሃ ብለው ሲጠይቁት አንገቱን ደፋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከተጣራው ትንሽ እንድትለቅለት ለመናት። ሲለምን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አበሩ ቀና ብላ እንኳ አላየችው። "የገደልካትን ዶሮዬን አምጣና ውሃውን ውሰድ" አለችው።

ኒሟ ደረቀች። ቆርጦ ለከሰል አክሳይ ሸጣት። የበርሜሉ ከሰል ሲያረጅ አበሩ ከዚያው አክሳይ ገዛች፤ ተሸክሜ ያመጣሁላት እኔ ነኝ።