በተገላቢጦሽ የተሰቀለው አምባር

አጎቴን የሥራ ቤት ሰዎች «ጋሽ ፖዘቲቭ» ይሉታል። ብረት በኒኬል በሚለበጥበት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እዚያው ወልዋይ ሆኜ ስገባ ጸጉሩ ገና አልሸበተም ነበር።

ቅጽል ስሙን ያተረፈው በአንድ ልማዱ ነው። ማንኛውንም ዕቃ ገንዳው ውስጥ ከመስቀሉ በፊት የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ ጨው ውሃ ባለበት ብርጭቆ ይነክራል። አረፋ የሚበዛበት ኔጋቲቭ ነው፣ ሌላው ፖዘቲቭ። ሽቦዎቹ ቀይና ጥቁር ሆነው እንኳ ይፈትናቸዋል።

«ቀዩንም አላመንከውም?» ይሉታል።

«ቀይ ለብሶ የሚዋሽ ስንት አለ!»

ሥራውን ያስረዳኝ እሱ ነው። የኒኬሉ ጠፍጣፋ በፖዘቲቩ በኩል፣ ማንኪያው በኔጋቲቩ በኩል ይሰቀላል። ኒኬሉ ኤሌክትሮን የሚባል ዓይን የማያየው ነገር ይሰጥና እየሟሟ አረንጓዴው ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃው ውስጥ ያለው ኒኬል ደግሞ ማንኪያው ዘንድ ሲደርስ ኤሌክትሮን ተቀብሎ እንደገና ብረት ይሆንና ይለጠፍበታል። የሰጠው ኦክሲዴሽን ደረሰበት ይባላል፣ የተቀበለው ሪዳክሽን። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

«ማን ወፈረ፣ ማን ከሳ ብለሽ እንዳትፈርጂ» ይለኝ ነበር። «የዛገ ብረት ያብጣል፤ ያገኘ ይመስልሻል፣ ግን ሰጪው እሱ ነው። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ? በቃ፣ እሱን ብቻ ጠይቂ።»

ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆናት። አንዲት ልጃቸው ሩቅ ከተማ ትሠራለች። እናቷ ነፍሷ ሲወጣ እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ ልጅቷ ያን ቂም ይዛ ከቀብሩ ወዲህ ደጁን አልረገጠችም። እሱም ላስረዳ አላለም። እኔ የምኖረው ከሱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ሳሉን እሰማለሁ፣ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። ሁለተኛው ወንበር ልብስ ይከመርበታል።

አንድ ቀን ደወለች። የእናቷን አምባር ልትወስድ ቅዳሜ ማታ ትመጣለች። ይኸው ነው።

አምባሩ ብር ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ከሰል መስሏል። በውስጥ በኩል ልጅቷ ፊደል ስትማር በመርፌ የጫረቻት የተንጋደደች «ሀ» አለች። እናትየው ፊደሏ እንዳትጠፋ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ አምባሩን አስወልውላው አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ አምባሩን ወደ ሥራ ቤት ይዞት መጣ። «ሲያብረቀርቅ ካየችው ምናልባት ቁጭ ትላለች» አለኝ። ወንበሩን ከልብስ አራግፎት ነው የወጣው።

«ጋሼ፣ እንዳለ ስጣት።»

«አልወለውለውም እኮ። ብሩ የጠቆረው ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ነው። ሶዳ ውሃ ውስጥ ኔጋቲቩ ላይ ብሰቅለው የሰጠውን መልሶ ይቀበላል። ፊደሏ አትነካም።»

እውነቱን ነበር። ግን በዋዜማው የኤሌክትሪኩ ሳጥን ተበላሽቶ ጠጋኙ ሁለቱንም ሽቦ በጥቁር ቀይሮት ሄዷል። አጎቴ ብርጭቆውን ሊያነሳ ሲል ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት፤ ማታ መባሉ ቀርቶ መናኸሪያ ደርሳለች። ቶሎ እንዲሠራለት ብሎ ሶዳው ላይ ጨው ጨመረበት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ዘሏት የማያውቃትን ብርጭቆ ዘለላትና አምባሩን ኔጋቲቩ ሁልጊዜ በሚሆንበት በግራ በኩል ሰቀለው።

ሲያወጣው ግራጫ ቅርፊት ሸፍኖታል። በአውራ ጣቱ ቢያሸው ቅርፊቱ ተፈረፈረ። ፊደሏም አብራ ሄደች።

«ሽቦው ተገላብጧል» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲቀበል የሰቀልኩትን አሰጠሁት።»

«መሳቢያ ውስጥ ተበልቶ ነው እንበላት» አልኩት።

«ተይ። እስከ ዛሬ ያልነገርኳት ይበቃኛል።»

ቤት ስንደርስ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እሱ ሳይገባ፣ እዚያው ደጃፍ ላይ ሁሉንም ነገራት። አምባሩን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ በጣቷ ውስጡን ዳበሰችው።

«አባዬ፣ ማን አጥራልኝ አለህ?»

«ትቀመጫለሽ ብዬ ነዋ።»

«ጥቁሩን እኮ ነበር የምፈልገው።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። አምባሩን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሻይ ላፍላ?» አልኳት።

«አውቶቡሱ ያመልጠኛል፣ እህቴ።» ጉንጩን ሳመችውና ሄደች። ወደ ውስጥ አላየችም፤ ወንበሩ ባዶ መሆኑን አላወቀችም።

ወደ አመሻሹ ላይ ስልክ ተደወለ፤ በሱ ሳይሆን በኔ። «ደርሻለሁ በይልኝ» አለችና ዘጋችው።

ሄጄ ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ ምንም።»

«መንገዱ ደህና ነበር አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ደህና ነበር አለች» አልኩት። አልጠየቅኳትም።