ልጄን ለሰማይ አልድርም

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ስንት ኮበሌ ሞልቶ እኔ የወደድኩት የደብረ ዘይቱን የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበር። እሁድ ሶደሬ ስንገናኝ ሌላዋ ስለ ዓይኗና ስለ ጸጉሯ ሲነገራት እኔ ስለ ክንፍ እሰማለሁ። እሱ መጀመሪያ የተማረው በአሜሪካኖቹ ኤፍ ፋይቭ ነው። ኋላ አሜሪካኖቹ ቀሩና የሩሲያዎቹ ሚጎች መጡ፤ እሱም ብሎን መፍታትን በሩሲያኛ እንደ አዲስ ተማረ። ሚግ ሃያ አንድ ሰማይ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ይተናነቃል፤ ሃያ ሦስት ደግሞ ምድር ይደበድባል፤ ሲነሳ ክንፉን ይዘረጋል፣ ሲፈጥን ወደ ኋላ ያጥፈዋል። አንድ ቀን ይህን በሁለት እጁ ሲያሳየኝ ለስላሳዬን ቀሚሴ ላይ ደፋው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ላገባው የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ሽማግሌ ተላከ። አባቴ ከአርሲ ነገሌ እህል የሚያመላልስ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሽማግሌ ሲላክ ልጁን ትንሽ ማሳመሩ ያለ ነገር ነው፤ ዘበኛው የጥበቃ ኃላፊ ይሆናል፣ ተላላኪው ጸሐፊ። የወዳጄ አጎት ግን መካኒክ ማለት አነሰባቸውና «ልጃችን ሚግ አብራሪ ነው!» ብለው አረፉት። ኩል ሊኩል ዓይን አጠፋ ማለት ይኼ ነው። አባቴ የኦጋዴኑን ጦርነት በሬዲዮ ሲከታተል የከረመ ሰው ነው፤ የአውሮፕላን መሄዱን እንጂ መመለሱን አያምንም።

«ልጄን ለሰማይ አልድርም» ብሎ ሸኛቸው።

ጓዳ ሆኜ አለቀስኩ። አጎትየውን በገዛ ነጠላቸው ማነቅ አማረኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ አጎትየው አንገታቸውን ደፍተው መጡ። «አፌን አዳልጦኝ ነው እንጂ ልጁስ አያበርም፤ ከሥሩ ተኝቶ ነው የሚጠግነው።»

«ዛሬስ አፍዎን እንዳላዳለጠዎት በምን ልወቅ?» አለ አባቴ። ከዚያ ወግ ያልሆነውን አዘዘ፤ ልጁ ራሱ ይምጣ አለ።

መጣ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ክራባት አስሯል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ ግን አልለቀቀም። አባቴ የተዘረጋለትን እጅ ይዞ ገለባብጦ አየና ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

«እሺ፣ ምንድን ነው ሥራህ?»

«አውሮፕላኑን አዘጋጃለሁ አባባ። ለአብራሪው ቀበቶውን አስርለትና መሰላሉን አነሳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እስኪመለስ እጠብቃለሁ።»

«ካልተመለሰስ?»

በልቤ «ዋሽ! ዛሬ እንኳ እንደ አጎትህ ዋሽ!» አልኩ። እውነቱን ከተናገረ አባቴ ዳግመኛ የሚሸኘው መሰለኝ።

«አንዱ አልተመለሰም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌሎቹ ግባ አሉኝ። እኔ መሰላሉን ይዤ ሜዳው ላይ ቆምኩ። ቢመጣ በምን ይወርዳል?»

 

አባቴ እናቴን አያት። ስንት ዘመን እሱ መንገድ ሲያድር ደጅ ደጁን ስታይ የኖረች እሷ ናት።

«እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ልጄን ጥሎ አይሄድም» አለ። «ሰጥቻለሁ።»

እናቴ ለእልልታ አፏን ሳትከፍት ከመጋረጃው ጀርባ እኔ ቀደምኳት። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል ሰምተው አያውቁም።